በክር የተበላች ጥርስ

አምሐ ጥርስ ሠሪ ነው እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለም። ይህችን ልዩነት ለሰው ሲያስረዳ ዕድሜው አለቀ። ጎንደር ውስጥ ነጭ ጋውን የደረበ ሁሉ ዶክተር ነውና፣ ከቤቱ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ጉንጩን ይዞ የማያስቆመው የለም። «ወንድሜ፣ እኔ የሰው አፍ ውስጥ እጄን አስገብቼ አላውቅም» ይላል። ማንም አያምነውም እንጂ እውነቱን ነው። የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ፋሲካ በፊት ለፊቱ ክፍል የተሰበረውን ጥርስ ትሞርድና ልኩን ወስዳ ትልክለታለች። እሱ በጓሮ በኩል ባለች ጠባብ ክፍሉ ተቀምጦ፣ በተሞረደው ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቀውን አዲሱን ጥርስ ይሠራል። የሰዉን አፍ የሚያውቀው በጀሶ ነው። ፊቱን አያውቀውም፣ ሲሥቅም አይቶት አያውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በልኩ ላይ ጀሶ አፍስሶ የሰውየውን ጥርሶች ቅጂ ያወጣል። የጎደለውን ጥርስ በዚያ ላይ በሰም ይቀርጸዋል። ሰሙን እሳት የሚችል ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ምድጃ ይከተዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይጠፋና ቦታው ብቻ ይቀራል። ከዚያ የጣት ጫፍ የምታህል ሴራሚክ በሌላ ምድጃ እንደ ማር እስክትለሰልስ ትግላለች፤ ከላይ መግፊያው ይጫናትና ሰሙ የለቀቀው ባዶ ቦታ ውስጥ ትገባለች። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይራገፋል፣ ጥርስ ይወጣል። በመሀል መብራት ከጠፋ ግን ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው፤ የጎንደር መብራት ጠባይ ደግሞ የታወቀ ነው። አምሐ ሰም መቅረጽን የተማረው በሰም ቀርጸው የብር መስቀል ያወጡ ከነበሩት ከአባቱ ነው። ይህን ሁሉ የማወራው ሙያ ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። ጣጣው የመጣው በዚያው በሰሙ በኩል ስለሆነ ነው።

ሚስቱ ሰርካለም ጥልፍ ትሠራ ነበር። የሙሽራ ቀሚስ ስትጠልፍ መቀሱን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ክሩን የምትበጥሰው ግን በፊት ጥርሷ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ቀጭ ስታደርገው ስለኖረች፣ ክሩ የአንዷን የፊት ጥርስ ጫፍ በልቶ የምስር ክክ የምታህል ጎድጓዳ አወጣባት። አምሐ ሙያው ነውና አያስችለውም። «ነይ ልሙላልሽ፣ ማንም አያውቅም» ይላታል። «ተዋት፣ እንጀራዬ ናት» ትለዋለች። እንዲህ ትበል እንጂ ታፍርባት ነበር። ሣቅ ሲመጣባት ነጠላዋን ወደ አፏ ትወስዳለች። ፎቶ ሲያነሷት ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች፤ በሠርጓ ፎቶ ሳይቀር ፍርድ ልትሰጥ የተቀመጠች ዳኛ ነው የምትመስለው። ስለዚህ በአጭር ሕመም የሞተች ጊዜ፣ ሣቋ የተቀረጸበት አንድ ወረቀት እንኳ ቤት ውስጥ አልተገኘም። ልጅም አልወለዱም። አምሐ ከለቅሶው ድንኳን ወጥቶ ወደ ሰሙ ተመለሰ።

ሥራውም ከዚያ ወዲህ አማረለት። «የድሮዎቹ ጥርሶችህ ጥርስ ይመስሉ ነበር» አለችው ዶክተር ፋሲካ አንድ ቀን፣ «የአሁኖቹ ጥርስ ናቸው። ምን አግኝተህ ነው?»

«ምንም። ጫፋቸውን ትንሽ ሸረፍ አደርጋለሁ፤ ሰው የኖረባቸው እንዲመስሉ ነው» አላት።

ይህን ሲናገር ልቡ ምንም አላለውም። እጁ የሚያደርገውን ራሱ አያውቅም ነበር። በቀኝ ጥርሱን ለሰበረ በቀኝ፣ በግራ ለሰበረ በግራ፣ ያችኑ የሰርካለምን ጎድጓዳ እያስቀመጠ ለሰው ሁሉ አደለ። ሰዉም ወደደለት። ከሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ፣ ከማክሰኝት መምህር፣ የፊት ጥርሱ የተሰበረ ሁሉ «የዚያን ሰውዬ ሥራ» እያለ ይመጣ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የሰርካለም እናት ወይዘሮ ምንዳዬ ከዳባት መጡ። ልጃቸው ከሞተች በኋላም ቢሆን አማቻቸውን መጠየቅ አልተዉም፤ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፣ ቤቱን ይጠርጋሉ፣ ስለ እሷ አንድም ነገር ሳያነሡ ይሄዳሉ። ያን ቀን ክርስትና ለሚያነሱት ልጅ ጨርቅ ሊገዙ ወደ ፒያሳ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ አምሐ የሚሠራበት ክፍል በር ላይ መቃኑን ይዘው ቆሙ። ጨርቅ አልያዙም።

«ሰርኬን አየኋት» አሉ።

አምሐ የሰም ቢላውን አስቀመጠ። «ምነው እትዬ፣ ፀሐዩ ነው። ይቀመጡ እስኪ፣ ውኃ ላምጣልዎ።»

«ፀሐይ አላገኘኝም። እስላም ሁና፣ ሻሽ አድርጋ ጨርቅ ትሸጣለች። መልኳ ሌላ ነው። ግን ሣቀችልኝ አምሐ። በእሷ ሣቅ ሣቀችልኝ።»

አእምሯቸው የተነካ መሰለው። ለማባበል ያህል እጃቸውን ይዞ አብሯቸው ወጣ። ሱቁ የወይዘሮ ዐዚዛ ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ የጎንደር ሰዎች ናቸው። ባንኮኒው ላይ ልጃቸው ለይላ ቆማ ከአንዲት ገበያተኛ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። አምሐ አያውቃትም። ገበያተኛዋ አንድ ነገር ብላ አሣቀቻት፤ ለይላም ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ከልቧ ሣቀች።

ዐይኑ የለይላ ነው፣ አፍንጫው የለይላ ነው፣ ጉንጩም የለይላ ነው። ሣቁ የሰርካለም ነበር።

አምሐ ጥርሷን ወዲያው ለያት፤ ያለፈው ክረምት የራሱ ሥራ ናት። የበለጠ የገደለው ሌላ ነገር ነው። ይህች ልጅ አፏን አልሸፈነችም። ሚስቱ በሕይወቷ ሙሉ ነጠላ ውስጥ ስትቀብረው የኖረችው ሣቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጨርቅ በሚገዛ ሰው ሁሉ ፊት ወለል ብሎ ታየ። ወይዘሮ ምንዳዬ ቀና ብለው አዩትና «አላልኩህም?» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፒያሳ ለአምሐ ሌላ አገር ሆነበት። ሙታን ሲታዩ በአንድ ቤት ወይም በአንድ ዛፍ ሥር ነው ሲባል ሰምቷል። ሰርካለም ግን ከተማውን ሙሉ ይዛዋለች። ማኪያቶ የምታቀርብለት አስተናጋጅ «ስኳር ልጨምር?» ብላ ፈገግ ስትል እሷ ናት። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ አንድ የባጃጅ ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ «ጋሼ፣ ግባ እንሂድ» ሲለው በሚስቱ ጥርስ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረው ይሥቅ ነበር። እሱ ግን ባጃጁን ትቶ እግሬ አውጪኝ አለ። አንገቱን ደፍቶ መሄድ ጀመረ፤ ሰላም ሲሉት የሰው ጫማ እያየ ይመልሳል። ወደ ሰሙ ተመልሶ ሲቀመጥ ደግሞ የገዛ እጁን ፈራው።

ወይዘሮ ምንዳዬ ወደ ዳባት አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ይነሡና የዐዚዛ ሱቅ ደጃፍ ባለች አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ለይላ መጀመሪያ ወደደቻቸው። ውኃ ትሰጣቸዋለች፣ «እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልሽጥልዎት?» እያለች ትቀልድባቸዋለች፤ እሳቸውም ጣቃ እያስወረዱ፣ እያስተረተሩ፣ ምንም ሳይገዙ ሣቋን አይተው ይውላሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። አንድ ቀን ግን ምላሳቸው አመለጣቸውና «ሰርኬ» ብለው ጠሯት። ለይላ ሰርኬ ማን ናት ብላ ጠየቀች። እሳቸው ውሸት አያውቁበትም።

በማግስቱ ለይላ አምሐ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ አምሐ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ይህች ጥርስ የማን ናት?»

«ያንቺ ናት» አለ፣ ወደ መደርደሪያው እያየ።

«ወላሂ አትዋሸኝ! እማማ ምንዳዬ ነግረውኛል። ልጄ በአንቺ አፍ ትሥቃለች አሉኝ። የሞተች ሴት ጥርስ አፌ ውስጥ አስገባህብኝ?»

«የሞተ ሰው ጥርስ አይደለም፣ ሴራሚክ ነው። እኔ ነኝ የሠራኋት። መልኳ ብቻ…» አለ።

ለይላ መቆጣቷን ትታ አለቀሰች። «አንተ ዘንድ መልኳ ብቻ ነው። እኔ ዘንድ አብራኝ ትበላለች። አብራኝ ታወራለች። ኒካሕ ደርሶብኛል፤ እጮኛዬ ኡዘይር፣ ‹ምን ነካሽ፣ መሣቅ ተውሽ› ይለኛል። እንግዲህ ምን ልበለው? ሣቅ ሲመጣብኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ።»

እሷ ይህን የተናገረችው እንዲሁ ነው። አምሐን ግን የመታችው ይህች ቃል ናት። ባንኮኒው ላይ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ የሣቀችውን ልጅ አስታወሰ፤ አሁን እጇ አፏ ላይ ነው፣ ልክ እንደ ሰርካለም። ለአንዲት ሴት ሣቅ ማሳፈሪያ የሆነችውን ነገር ወስዶ ለሌላዋ አሸክሟታል።

«አስወልቅልሻለሁ» አላት። «የራስሽን እሠራልሻለሁ።»

ማታ እራት ላይ ለወይዘሮ ምንዳዬ ነገራቸው። ጉርሻቸውን መሶቡ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ምነው? እኔ ምን አጠፋሁ? ተቀምጨ አየሁ እንጂ ነካሁባት? ልጅቱንም ስመርቃት ነው የምውል።»

«እትዬ፣ አፉ እኮ የእሷ ነው።»

«አውቃለሁ የእሷ እንደሆነ።» መሶቡን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት። «ፎቶዋን አየሁ፣ አፏን ገጥማለች። ቀሚሷን አሸተትሁ፣ ሽታዋ ጠፍቷል። የቀረችኝ ያች ሣቅ ናት። አንተ ባሏ ነህ አምሐ። አንድ ጊዜ ቀበርናት። ሁለተኛ ልትቀብርብኝ ነው?»

እሱስ ቢሆን ከዚያች ሣቅ ሌላ ምን ቀርቶታል? ፒያሳን ቢፈራትም፣ በዚያች ፍርሃት ውስጥ ሚስቱ ነበረች። ለይላን ነጻ ካወጣ ሰርካለምን ያጣል፤ ሰርካለምን ከያዘ ይህች ልጅ አፏን በእጇ እንደ ያዘች ትዳራለች። ሌሊቱን በጎኑ ሲገላበጥ አደረ።

የለይላ ጀሶ መደርደሪያው ላይ ስለነበር አውርዶ ሰም ቀረጸበት። ሲጨርስ አየው፤ ሰርካለም ናት። አቀለጠና እንደ ገና ጀመረ፣ እያንዳንዷን የቢላ ምት እየጠበቀ። ጫፏ ላይ ሲደርስ እጁ ራሱ ወደ ጎድጓዳዋ ሄደ። እጅ ለእጅ ተጨብጦ የማይለቅቅ ሰው ያለ ያህል ነበር።

በመጨረሻ ሲሠራ ከኖረበት ልማድ ወጣ። ለይላን ራሷን አስጠራት፤ ከፊቱ በርጩማ ላይ አስቀመጣት።

«ምን ላድርግ?» አለች፣ እጇን ከአፏ ሳታነሣ።

«አውሪኝ። ጥርስሽ እንዴት ተሰበረች?»

ለይላ አመነታች፤ ኋላ ጀመረች። ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ልታወርድ መሰላል ላይ ወጥታ ነው። ጣቃው ተንሸራቶ እሷንም ይዟት ወረደ፤ አፏ ጨርቅ ከሚለካበት ሜትር ብረት ጋር ተጋጨ። እናቷ ዐዚዛ ሮጠው መጥተው መጀመሪያ ያነሡት ጣቃውን ነው፣ ሐር ነበርና። «እኔ ደም በደም ሆኜ ‹እማ፣ እኔስ?› ስላት፣ ‹አንቺ ታጥበሽ ትነጫለሽ› አለችኝ!» ይህን ስትል ሣቋ አመለጣት፤ እጇም ወደቀ።

አምሐ አያት። በሙያ ዘመኑ ጥርስ የሚሠራለትን ሰው ሲሥቅ ያየው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ያልተሰበረችው የፊት ጥርሷ ሰፋ ያለች፣ ቀጥ ያለች፣ ጫፏ ላይ ውኃ የቋጠረች የምትመስል ናት። ከንፈሯ ሲከፈት ወደ ግራ ቀደም ይላል። ሰሙን አንሥቶ እሷን እያየ ቀረጸ፤ እሷም አወራች፤ ዝም ስትል ይጠይቃታል። ሲጨርስ ሰሟ ማንንም አትመስልም ነበር፣ ለይላን እንጂ። ጭቃው ውስጥ ቀበራት። መብራቱም ለአንድ ቀን እንኳ ጨዋ ሆነለት፤ ሴራሚኩ ሳይቋረጥ ገባ።

የማውለቂያው ቀን ወይዘሮ ምንዳዬ ከዶክተር ፋሲካ ክፍል ውጭ ተቀምጠው ጠበቁ። ጭናቸው ላይ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ዘርግተዋል። እንግዲህ አምሐ አንድ ነገር ሳይነግራቸው ቀርቷል። ሴራሚክ አንዴ በማጣበቂያ ከተያዘ ተነቅሎ አይወጣም፤ በመሞረጃ ተቆርጦ፣ ተፈጭቶ ነው የሚነሣው። ይህን ያውቃል። ልናገር ሲል አፉ እየተያዘ ነው። ከውስጥ የመሞረጃው ድምፅ ተሰማ፤ ውኃው ዱቄቱን እያጠበ በቱቦ ሲወስደው ተሰማ። ድምፁ እስኪቆም ወይዘሮ ምንዳዬ ዐይናቸውን ከበሩ አላነሡም።

ለይላ ወጣች። እጇ በልማድ ወደ አፏ ሄደ፤ መሀል ላይ አቆመችውና ሣቀች። ወይዘሮ ምንዳዬ ትክ ብለው አዩአት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ይኸ ያንቺ ነው። እግዜር በትዳርሽ ያሥቅሽ።» ከዚያ ነጭ ጨርቁን ወደ አምሐ ከፈት አደረጉ። «እሷስ?»

«ዱቄት ሆነች እትዬ» አለ። «ከውኃው ጋር ሄደች። ልነግርዎ ነበር።»

አልተቆጡም። ጨርቁን አጣጥፈው፣ እንደገና አጣጥፈው፣ ምንም የማይዝ እስኪሆን አሳነሱት። አምሐ አላስቻለውም። «እኔ እሠራልዎታለሁ» አላቸው። «ልክ እሷን አድርጌ። ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ማንም አይወስድብዎም።» ወይዘሮ ምንዳዬ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ ፊታቸውም ትንሽ በራ።

ይህ ቀላል ይመስላል። ሲከለክሉት የማይሰማ እጅ፣ ሲፈቅዱለት እንዴት እምቢ ይላል? አምሐ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሰሙን ይዞ ተቀመጠ፤ እጁን ለቀቀው። ሰፋ ያለች፣ ቀጥ ያለች ጥርስ ወጣች። ለይላ ናት። አቀለጣት። ደግማ ለይላ ሆነች። ዐይኑን ጨፍኖ ሚስቱን ፈለጋት፤ ክር እየበጠሰች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ እየወሰደች። ነጠላው መጣለት። ከነጠላው ኋላ ግን ለይላ ናት የምትሥቀው።

ግድ የለም፣ አስቤ እሠራታለሁ አለ፤ ጎድጓዳዋን አውቃታለሁ። ቢላውን ሲያነሣ ግን ቆመ። በየትኛው በኩል ነበረች? መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጀሶዎች አየ፤ ለአንዱ በቀኝ አድርጎለታል፣ ለሌላው በግራ። ወጥቶ ፒያሳን ዞረ፤ ሲሸሻቸው የከረሙትን አፎች አሁን እየለመነ አያቸው። የአስተናጋጅዋ በግራ ናት። የጢማሙ ሾፌር በቀኝ ናት። ለሰው ሁሉ ሲያድላት የራሱን እንዳላስቀረ ያን ጊዜ ገባው። ተመልሶ በግራ አደረጋት፤ ግራ ትሁን ያለው ግራ ስለነበረች አይደለም፣ አንዱን መምረጥ ስላለበት ነው።

ወይዘሮ ምንዳዬን መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው። ረዳቱ «ዳባት! ደባርቅ!» እያለ ይጮኻል። አምሐ ጥርሷን አውጥቶ በመዳፋቸው አስቀመጠላቸው። ወደ ዐይናቸው አስጠጓት፣ አራቋት፣ መልሰው አስጠጓት።

«እሷው ናት» አሉ። «ተባረክ ልጄ።»

ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። አልቻለም።

«እትዬ፣ በየት በኩል ነበረች?»

«ምኗ?»

«ክር የበላት። በቀኝ ነው በግራ?»

«ይኸ ይጠየቃል?» አሉና ጣታቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። በግራ በኩል አሳረፉት። ወዲያው አነሡት። ወደ ቀኝ ወሰዱት፤ እዚያም አልረጋላቸውም። ተመለሰ፣ ከንፈራቸው መሀል ላይ ቆመ። ዐይናቸው ፈጦ አምሐን አየው፣ እሱ እንዲነግራቸው። እሱም እሳቸውን ያይ ነበር።

«እኔ እኮ እናቷ ነኝ» አሉ።

አምሐም ባሏ ነበር።